መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ አድርገው

አዲስ ባትሪ ገዝቶ ያለ ምክር ከሱቅ የወጣ ሰው አላውቅም። መርካቶ ይሁን ፒያሳ፣ የስልክ ይሁን የካሜራ፣ ሻጩ ብሩን ቆጥሮ መሳቢያው ውስጥ ከከተተ በኋላ ፊቱን ኮስተር ያደርግና "መጀመሪያ 8 ሰዓት ሙሉ ቻርጅ አድርገው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጥርግ ብሎ ሳያልቅ እንዳትሰካው፤ ይበላሽብሃል" ይላል። 7 ሰዓት ቢሆን ምን ይመጣል? 9 ቢሆንስ? የሚጠይቅ የለም። ሻጩ ቢረሳው እንኳ ገዢው ራሱ "8 ሰዓት ነው አይደል?" ብሎ አስታውሶት ይወጣል። ካርቶኑ ውስጥ በብዙ ቋንቋ የታተመ መመሪያ አለ፤ እሱ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ይገባና ካሜራው እስኪሸጥ ይጠብቃል። ካሜራው ሲሸጥ "ከነመመሪያው፣ ያልተነካ" ተብሎ ዋጋ ይጨመርበታል።

የሚገርመው ምክሩ ውሸት አይደለም። እውነት ነበር፤ ለሌላ ባትሪ።

ዋልደማር ዩንግነር የሚባል ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1899 የኒኬል ካድሚየም ባትሪን ፈለሰፈ። የዚህ ባትሪ ዘሮች ከብዙ ዓመት በኋላ መገናኛ ሬዲዮውን፣ የጢም መላጫውን፣ ትከሻ ላይ የሚጫነውን የቪዲዮ ካሜራ ሁሉ ሲያንቀሳቅሱ ኖሩ። አመል ግን ነበራቸው። ሳተላይት ላይ የተጫኑትን ያዩ መሐንዲሶች አመሉን ቀድመው ያዙት፦ ሳተላይቱ ምድር ጥላ ውስጥ በገባ ቁጥር ከባትሪው ያንኑ ያህል እየተጠቀመ፣ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ያንኑ ያህል እየሞላ ሲኖር፣ ባትሪው ያችን መጠን ለምዶ ከዚያ በታች ያለውን ጉልበቱን ይነፍጋል። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ጥርግ አድርጎ ማራገፍ ነበር። ሰዓት መቁጠሩም የዚያው ዘመን ቅሪት ነው፤ የያኔው ርካሽ ቻርጀር ባትሪው መሙላቱን የሚያውቅበት ነገር አልነበረውም። ሰዓት አይቶ የሚነቅለው ባለቤቱ ነበር። ከተኛ፣ ባትሪው ሲግል ያድራል።

ዛሬ በካሜራችን ሆድ ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ነው። እሱን በዩንግነር ባትሪ ሕግ ማስተዳደር ሐኪም ለአያት ያዘዘውን ሽሮፕ ለልጅ ልጅ ማጠጣት ነው፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ።

በሁለቱ ዘመን መካከል ግን ሳላነሣው ባልፍ የሚቆጨኝ አንድ ዘመን አለ፤ የድንጋይ ካሜራ ዘመን። ሚሊኒየማችንን ልናከብር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩን፣ ከዋሽንግተንም ከጅዳም የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት አንዲት ብርማ ዲጂታል ካሜራ ብቅ ትል ነበር። አንዳንዷ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ እንደ ካኖን ፓወርሾት ኤ70 ያለችው ደግሞ አራት ድንጋይ ትጎርሳለች። አብሯት የመጣው ድንጋይ ዘመዱ ተመልሶ ሳይሳፈር ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሰፈር ሱቅ ታሪክ ነው።

ክርስትና ቤት ነው እንበል። ሕፃኑ ነጭ በነጭ ለብሷል፤ ክርስትና አባቱ ከረባቱን አስተካክሏል፤ አያትየው ነጠላቸውን መልሰው አጣፍተዋል። ካሜራዋ ትበራለች። ሌንሷ ዚ...ዝ ብሎ ይወጣል። ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። ካሜራዋ ባትሪ ቀይሩ የሚል ጽሑፍ ታሳይና ሌንሷን እንዳወጣች ጭልም ትላለች። "አሁን እኮ ነው የገዛሁት!" ይላል ልጁ፤ እውነቱን ነው። ድንጋዩም ባዶ አይደለም። የሱቁ ርካሽ ድንጋይ ዚንክና ካርበን ነው፤ ለእጅ ባትሪና ለሬዲዮ በጥቂት በጥቂቱ እንዲሰጥ ተሠርቶ የመጣ። ካሜራዋ ሌንስ ስታወጣና ፍላሽ ስታዘጋጅ ግን ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ትጠይቀዋለች። ያኔ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ካሜራዋም ሞቷል ብላ ትደመድማለች። ያንኑ "የሞተ" ድንጋይ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ ብትከቱት ወራት ይቆጥርላችሁ ነበር።

ይህን ማን ያውቃል? አጎቴ የሚያውቀው ሌላ ሳይንስ ነበር። ድንጋዮቹን ያወጣና በክራንቻው ነከስ ነከስ ያደርጋቸዋል። አልሆን ሲል "ፀሐይ ላይ አስጧቸው!" ብሎ ያዛል። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ዶሮ ወጡ ይቀዘቅዛል፣ አራት ድንጋዮች በረንዳው ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ለአጎቴ ፍትሕ እናድርግለት፦ ሙቀት የደከመ ድንጋይን ኬሚካል ትንሽ ያነቃቃዋል፤ ለሬዲዮ የአንድ ዜና ዕድሜ ታገኙበታላችሁ። መከራው ያ ልማድ ወደሚሞላው ባትሪ ሲሻገር ነው። ቻርጅ የሚደረግን ባትሪ ፀሐይ ላይ ማስጣት ዕድሜውን በገዛ እጅ ማሳጠር ነው። መንከሱን እንኳ ተዉት፤ የሚጎዳው ጥርስ ነው።

ቀጥሎ ዘመዶች ሁኔታውን ሰምተው የሚሞላውን ድንጋይ ከነቻርጀሩ ላኩ። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ይባላል። የመጀመሪያው አደጋ ሶኬቱ ላይ ነው የሚጠብቀው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ የአሜሪካው 120 ነው። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ በደቃቁ 100-240 የሚል ቁጥር ካለ የትም ሰክታችሁ ተኙ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር የሰካው ሰው የሚያገኘው አንድ "ጧ!" እና ቤቱን የሚሞላ ሽታ ነው። ብዙ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ የዚያ ሽታ መታሰቢያ የሆነ ጥቁር ቻርጀር ዛሬም አለ። "ይሠራል እኮ፣ ፊውዙ ብቻ ነው" ይባልለታል።

ከዚያ አደጋ የተረፈው ደግሞ ሌላ ጉድ አየ። ለመስቀል የሞላው ድንጋይ ለጥምቀት አይደርስም። ማንም ሳይነካው፣ ካሜራው ሳይከፈት፣ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ በራሱ ይፈሳል፤ የያኔው ዓይነት በወር ውስጥ ከያዘው ሩብ የሚሆነውን ያጣ ነበር። ቤተሰቡ ልጁን ጠረጠረ፤ ልጁ ሠራተኛዋን ጠረጠረ። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ሳንዮ ኢነሉፕ የተባለውን ድንጋይ ይዞ ገበያ ሲወጣ ነው ጥርጣሬው የረገበው፤ እሱ ተሞልቶ ከተቀመጠ ከዓመት በኋላ እንኳ 85 በመቶ ያህሉን ይዞ እንደሚገኝ ተነገረለት።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ የሚመስለው ካለ የሰርግ ፎቶ አንሺን ቦርሳ ይክፈት። ካሜራው ወደ ሊቲየም ሄዷል፤ አናቱ ላይ የሚሰካው ትልቁ ፍላሽ ግን ብዙው ዛሬም አራት ድንጋይ ነው የሚበላው። ጎበዝ ባለሙያ አራት አራቱን በቀለም ፕላስተር ለይቶ ያስራቸዋል፦ ቀዮቹ ከቀዮቹ፣ ሰማያዊዎቹ ከሰማያዊዎቹ። አብረው ይሞላሉ፣ አብረው ይገባሉ፣ አብረው ጡረታ ይወጣሉ። አዲስ ከአሮጌ ሲቀላቀል ደካማው ቀድሞ ያልቅና ጠንካሮቹ ጨርሶ እስኪበላሽ ይጫኑታል። ጫፎቻቸው ላይ ያለውን ቆሻሻ በደረቅ ጨርቅ ወይም በእርሳስ ላጲስ ማጥራት ብቻ አንዳንዴ "ሞተ" የተባለውን ድንጋይ ይመልሰዋል። ከአጎቴ ክራንቻ ላጲሱ ይሻላል።

ወደ ሊቲየሙ ልምጣ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ አወጣው። ሥራውን ያስጀመሩት ሦስቱ ሰዎች፣ ስታንሊ ዊቲንግሃም፣ ጆን ጉድኢናፍና አኪራ ዮሺኖ፣ የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ጉድኢናፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ኖቤል የተሸለመ ሰው ከእሳቸው በፊት አልነበረም። ባትሪ ሠርተው 97 ዓመት ራሳቸውን ያቆዩ ሰው ባትሪ አያያዝ ቢመክሩን ኖሮ ከሻጩ ይልቅ እሳቸውን መስማት በተገባ ነበር።

የሊቲየም ባትሪ ጠባይ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሙሉ ባዶነትንም፣ ሙሉ ጥጋብንም፣ ሙቀትንም አይወድም። የካሜራ ባትሪ በብዛት ውስጡ ሁለት ክፍል ነው፤ ሲሞላ እያንዳንዱ 4.2 ቮልት ይደርሳል። እዚያ ጫፍ ላይ ተወጥሮ መቀመጥ ያስረጀዋል። ከታች ደግሞ ጥርግ ብሎ አልቆ ለወራት ከተረሳ፣ ጥቂት ጥቂት እየፈሰሰ ከሚገባው በታች ይወርድና ጨርሶ ቻርጅ አልቀበልም ይላል። እንግዲህ የሻጩ "ጥርግ ብሎ ሳያልቅ እንዳትሰካው" ለዚህ ባትሪ ተገልብጦ የተሰጠ ምክር ነው። ግማሽ ላይ ሰክታችሁ ብትነቅሉት፣ ሩብ ላይ ብትሰኩት ቅር አይለውም። ለምሳ እንደ ወጣችሁ ሰክታችሁት ብትመለሱ ደስታው ነው። 8 ሰዓቱም ትርፍ ነው፤ ቻርጀሩ ራሱ ሲሞላ ያቆማል። የካኖኑ ኤልሲ-ኢ6 ቻርጀር እንዲያውም ቋንቋ አለው፦ ብርቱካንማው መብራት አንዴ አንዴ ብልጭ ሲል ባትሪው ገና ከግማሽ በታች ነው፤ ሁለቴ ሁለቴ ሲል ግማሹን አልፏል፤ ሦስቴ ሲል ሦስት አራተኛውን፤ አረንጓዴ ሲሆን ሞልቷል። ከባዶ እስከ ሙሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ቀሪውን አምስት ሰዓት ተኩል ሻጩ ለምን እንደሚፈልገው አይታወቅም።

ካሜራው ከሰርግ ሰርግ የማይወጣ ከሆነ፣ ባትሪውን አውጥታችሁ ግማሽ ገደማ ላይ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ይህ የፈሪ ምክር አይደለም። 40 በመቶ ተሞልቶ 25 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ ባትሪ በዓመቱ 96 በመቶ ያህል አቅሙ አብሮት ሲኖር፣ ሙሉውን ተሞልቶ 40 ዲግሪ ላይ የከረመው ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። ሰመራ ላይ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚውል መኪና ዳሽቦርድ 40 ዲግሪን የሚያውቀው ሌሊት ነው።

አገራችን ባትሪን በሁለቱም ጫፍ ለመፈተን የተፈጠረች ነች። ዳሎል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተለካው መሠረት የዓመት አማካይ ሙቀቷ 34.6 ዲግሪ ነው፤ አማካዩ ነው እንግዲህ። ሰሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ ካምፕ፣ ከ3,600 ሜትር በላይ፣ ሌሊቱ በረዶ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። እዚያ ያደረ ፎቶ አንሺ ጠዋት ጭላዳዎቹን ሊያነሣ ሲወጣ ማታ ሙሉ የነበረው ባትሪ ቀይ ያሳየዋል። አልሞተም፤ በርዶታል። ብብት ውስጥ ቆይቶ ሞቅ ሲል ይመለሳል፤ የሚያውቁት ሰዎች ማታውኑ መኝታ ከረጢታቸው ውስጥ ይዘውት ያድራሉ። የካሜራን ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ማድረግ ግን አይገባም፤ ውስጡ ሊቲየሙ ተለጥፎ ይቀርና ባትሪው ይጎዳል። ተራራው ላይ ጄኔሬተር የተነሣ ጊዜ ከድንኳን ውጪ የሚሰካ ሁሉ ይህን ይወቅ።

አሁን ደግሞ ስለ ኮፒው። የካሜራ ሱቅ ገብታችሁ ባትሪ ስትጠይቁ ሻጩ "ኦሪጅናሉን ነው ኮፒውን?" ይላችኋል፤ ይህ ቅን ሻጭ ነው። ቅን ያልሆነው "ኦሪጅናል ኮፒ ነው" ይላል። ኮፒ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን መጠኑ ያው ሆኖ ክብደቱ ከቀለለ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው አቅም ደግሞ ከኦሪጅናሉ እጥፍ ከሆነ፣ ቁጥሩ የኬሚስትሪ ሳይሆን የማተሚያ ቤት ሥራ ነው። አዳዲሶቹ የካኖን ካሜራዎች ባትሪው ያልጣማቸው ጊዜ ስክሪናቸው ላይ ጥያቄ ያወጣሉ፦ ይህ ባትሪ የካኖን ምልክት አለው ወይ? ከሥሩ "አለው" እና "የለውም"። ካሜራ ባለቤቱን ሲያናዝዝ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። አለው ብሎ ያልተጫነ ካሜራማን ካለ ስሙ ይጻፍ፤ ኮፒውም ላይ እኮ ምልክቱ አለ!

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለኝም። ሆዱ የተነፋ ባትሪ ኦሪጅናልም ይሁን ኮፒ አለቀለት። ተጫን ተጫን ተደርጎ ካሜራ ውስጥ አይገባም፣ በመርፌ አይተነፈስም፣ እሳት ውስጥ አይጣልም። ሊቲየም ሲቀጣጠል በውኃ ጣሳ የሚመለስ እሳት አይደለም።

ለዚህም ነው አውሮፕላን ላይ ትርፍ ባትሪ ወደ ታች በሚጫነው ሻንጣ አትላኩ የሚባለው። ከ100 ዋት ሰዓት በታች ያለው፣ የካሜራው 14 ገደማ ስለሆነ ጭንቀት የለውም፣ ጫፉ ከብረት እንዳይነካካ ተሸፍኖ በእጅ ቦርሳ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የምትመለሱ፣ በርበሬውና ሽሮው ወደ ታች፣ ባትሪው ወደ ላይ።

ብዙ ሰው ባትሪው ቶሎ አለቀ ብሎ ባትሪውን ይከሳል እንጂ ማን እንደጨረሰው አይመረምርም። የካኖን 5ዲ ማርክ 3 መመሪያ 23 ዲግሪ ላይ በመመልከቻው ቀዳዳ እያዩ ሲያነሡ 950 ያህል ፎቶ እንደሚወጣው ይናገራል። ስክሪኑ ላይ እያዩ ሲያነሡ ግን 200 ያህል። በላተኛው ስክሪኑ ነው። የእኛ ሰርግ ላይ ደግሞ ስክሪኑን የሚያስበላ ሌላ ነገር አለ፤ "እስቲ አሳየኝ!" ፎቶ ተነሥቶ ዝም ብሎ የሚሄድ ዘመድ የለም። አክስት ታያለች፤ "አገጬን አጥፍተኸዋል፣ ድገመኝ" ትላለች። ልጆቹ ያያሉ። ሚዜዎቹ ወደ ኋላ እየመለሱ ከጠዋቱ የፀጉር ሥራ ጀምሮ ያያሉ። ኬክ ሊቆረስ ሲል ባትሪው ቀይ ቢሆን ምን ይገርማል?

ትርፍ ባትሪ ያለው ቢሆን እንኳ የትኛው ሙሉ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ በዚያ ትርምስ ማን ይለያል? ለዚህ የካኖኑ ኤልፒ-ኢ6 ባትሪ መሸፈኛ ውስጥ ብልሃት ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ የባትሪ ቅርጽ ያላት ቀዳዳ አለች፤ በአንድ በኩል ሲገጠም ቀዳዳዋ ሰማያዊ ታሳያለች፣ ተዟዙሮ ሲገጠም አታሳይም። ሰማያዊው ሙሉ ነው ብሎ ከራስ ጋር መስማማት ነው። ብልሃቱ የተጻፈው ማንም በማያነበው መመሪያ ውስጥ ነው። የባትሪውን እርጅናም ካሜራው ራሱ ይነግራችኋል፤ ካኖኑ ሜኑ ውስጥ ሦስት አረንጓዴ ነጥብ ካሳየ ጤነኛ ነው፣ ቀይ ካሳየ ሌላ ግዙ። ብዙዎቹ ኒኮኖች ከ0 እስከ 4 ይቆጥራሉ፤ 4 ማለት ስንብት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሰርግ ባትሪ ጠላት ሶኬት ነው። ሙሽራዋ ቤት ሳሎን ውስጥ አንድ ማከፋፈያ አለ፤ ፍሪጁ፣ ሞንታርቦው፣ የፀጉር ካስኩ፣ የሦስት ሚዜዎች ስልክ እዚያ ላይ ናቸው። ካሜራማኑ ጥግ ላይ ቀዳዳ አግኝቶ ቻርጀሩን ይሰካል። ተመልሶ ሲመጣ ቻርጀሩ ወለል ላይ ነው። "ልጄ፣ ይቺ ያንተ ናት? ነቀልኳት፤ ስልኬ ሊዘጋብኝ ነው" ይላሉ አንዲት እናት፣ በቅን ልቦና። "እማማ፣ የልጅዎ ኬክ እኮ እሷ ላይ ነው!" ቢላቸው አይገባቸውም። መብራት ራሱ የሄደ ቀን ደግሞ ሁሉም እኩል ይሆናል፤ ያኔ የሚተርፈው ከዋዜማው ሞልቶ፣ ሦስት አራት ባትሪ በኪሱ ይዞ የመጣው ነው።

እና ሰርግ የምትደግሱ ቤተሰቦች ሆይ፣ ድንኳኑን ስትተክሉ፣ ወንበሩን ስትቆጥሩ፣ አንድ ሶኬት ለካሜራማኑ ለዩለት። ላዩ ላይ "አይነቀልም" ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት። ፎቶ "እስቲ አሳየኝ" የምትሉትም እስከ መልሱ ማግስት ታገሡ፤ አልበሙ ይመጣል።